እናታችን የምትተረትረው ድሪቶ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? የትንሹ ሳል ለቀቀው ወይ? እኔ እንደ ወጉ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን ለማን ብዬ ነው የምዋሸው? ደህና አይደለሁም። ናፍቆቱም ቢሆን ከመቆየቱ ብዛት ኮምጥጦ ወደ ንዴት ተለውጧል፤ አትቀየመኝ። እማዬ በአካሏ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የደም ግፊቷም ከእኔ ይሻላል።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ። ስትደውል እሷ አጠገቤ ናት፤ ስለ እሷ እሷው ፊት ማውራት ደግሞ አፌ እምቢ ይለኛል። አንተም ገና ወሬ ስጀምር «እሺ፣ እሺ፣ ሰው ቅጠሪላት» ትልና መስመሩ ይቋረጣል። መስመሩ ነው ወይስ አንተ ነህ፣ እሱን ፈጣሪ ይወቀው። ሰውስ ቀጥሬላት ነበር፤ ሴትዮዋ ሳምንት ሳይሞላት እማዬ ሌባ ብላ ስለጮኸችባት ጨርቄን ማቄን ሳትል ሄደች። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። በሞቴ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ዓመት መጥተህ ስታያት ስም ነበር የምታምታታው። አንተን በአጎታችን ስም፣ እኔን በአንተ ስም ትጠራን ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ስቀን ነበር እኮ። አሁን የምታምታታው ስምም የላትም። እኔን አታውቀኝም። ጠዋት ስቀሰቅሳት ለደንበኛ በምትናገርበት በዚያ ጨዋ ድምጿ፣ ይቅርታ እመቤት፣ የማን ቤት ነው ያለሁት ትለኛለች። የገዛ ቤቷ ውስጥ እንግዳ ሆና ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

እጆቿ ግን ሥራ አልፈቱም። ስፌቷ በማስመሪያ የተሰመረ ስለሚመስል ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ ቀጥታ» ይላት የነበረች ልብስ ሰፊ፣ እጇ ዝም ብሎ መቀመጥ የት ያውቃል? ያገኘችውን ሁሉ ትጎረጉራለች፣ ክር ትመዛለች። መጋረጃውን ከታች ጀምራ ፈታታ ጨረሰችው። የሶፋውን ጨርቅ ቀደደችው። የምትነካካው ስታጣ የገዛ ክንዷን ትፍቃለች። ጠዋት አንሶላዋ ላይ የደም ነጠብጣብ አገኛለሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እጇ የሚይዘው ነገር ስጪያት፣ ለጣቷ የሚለሰልስ፣ የምትፈተፍተው ነገር ይሁን ብላ መከረችኝ። ጎረቤታችን ያቺ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ደግሞ ለልጆቹ መኝታ የምትሠራው፣ ከአሮጌ ልብስ የሚገጣጠም ድሪቶ አላት፤ ጠርዙ በሙሉ የተንጨባረረ፣ ጣት ሲገባበት ደስ የሚል። አንዱን አምጥታ ስታሳየኝ መድኃኒቱ ይኸው አልኩ። ስፊልኝ ብላት ራስሽ ሥሪው፣ ቀላል ነው አለችኝ። ቀላል ለሷ!

ጉድ በል እንግዲህ፣ እኔ ልሰፋ ተነሳሁ። እማዬ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ እንደ ድመት እያባረረች ያሳደገችኝ እኔ! የአንቺ እጅ እንጨት ነው፣ ክር አታባክኚ ትለኝ አልነበር? ለእሷ «ደህና ነው» የመጨረሻው ምስጋና ነበር፤ እሱንም ለአንተ የሂሳብ ውጤት እንጂ ለእኔ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስሸጥ ኖሬ፣ ቁልፍ ሲበጠስብኝ እንኳ ለሰው ሰጥቼ ነው የማስተክለው። ፋርማሲውንም ካቆምኩ ሰንብቻለሁ፤ እሷን ብቻዋን ጥሎ መውጣት አይቻልም።

አሠራሩን ላስረዳህ፤ ይህ ካልገባህ ሌላው አይገባህም። አሮጌ የጥጥ ልብስ እኩል እኩል አራት ማዕዘን አድርገህ ትቆርጣለህ። ሁለቱን ቁራጭ ጀርባ ለጀርባ ታደርግና መሃላቸው ያረጀ ብርድ ልብስ ከትተህ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀለኛ ትሰፋዋለህ። ከዚያ እነዚህን እርስ በርስ ትገጥማቸዋለህ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ስፌት ጠርዙ ወደ ውስጥ ይደበቃል፤ ላይ ላዩን የሚታየው ንጹሑ መስመር ብቻ ነው። በዚህኛው ግን ጠርዙ ሆን ተብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ስፌቱን ሳትነካ ያንን ጠርዝ በመቀስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ትቆራርጠዋለህ። በመጨረሻ ይታጠባል። ሲታጠብ የተቆራረጠው ጠርዝ ክሩን እየለቀቀ ይንጨባረራል፣ ይለሰልሳል። ውበቱም ጥቅሙም እሱ ነው።

ቁም ሣጥኑን ገለበጥኩት። የአባዬን ፒጃማ፣ የእኔን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ አንተ ኮሌጅ ስትገባ የሰፋችልህን ባለ ካሬ ሸሚዝ፣ ሁሉንም ቆረጥኳቸው። አትቆጣ፣ ሸሚዝህን ብል በልቶታል። መጀመሪያ በዓይኔ ገምቼ ነበር የቆረጥኩት፤ ምንጣፍ ላይ ስደረድራቸው እኩል የሆኑ ሁለት አጣሁ። በጫማ ካርቶን ልክ ሠርቼ እንደገና ቆረጥኩ። የስፌት መኪናው ጨርቁን እየጎተተ ዋጠብኝ። የታችኛው ክር ተጠማጥሞ የወፍ ጎጆ መሰለ። ድርቡ ወፍሮ ከመርፌው ስር አልገባ ሲለኝ ብገፋው መርፌው ተሰበረ፤ ሌላ ብቀይር አውራ ጣቴን ወጋኝ። ጠርዙን ልቆራርጥ መቀስ ሳነሳ ደግሞ ስፌቱንም አብሬ ቆርጬው መስመሩ እንዳለ ተከፈተ። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለድሪቶው ብቻ እንዳይመስልህ።

እማዬ ይህን ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ስር ነበረች። እንባዬን ጠርጌ እንደገና መስፋት ስጀምር፣ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን አቀናች። ተነስታ መጣች። የገጠምኩትን ከእጄ ነጥቃ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው፤ በሁለት አውራ ጣቷ ወጠር አድርጋ ስፌቱን አየችው፣ ታስታውስ የለ፣ የሠራተኞቿን ሥራ ስትቀበል እንደምታደርገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ወንድሜ፣ ዓይኗን ባየኸው! ሙሉ ሰው ነበረበት። ማን ነው ይሄን የሰፋው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ጠርዝ ወደ ውጭ አውጥቶ መስፋት የት ነው የተማርሽው፣ ሰው ይሄን ለብሶ ሊወጣ ነው ወይ አለችኝ። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ሞዴል ነው ብላት፣ ስህተትሽን ሞዴል አትበይኝ አለችኝ። ከዚያ ሳታየኝ እጇን ዘረጋች፤ መቀስ ፈልጋ ነው። ትንሿን መቀስ ሰጠኋት። ተቀመጠችና መተርተር ጀመረች።

እንዴት አድርጋ እንደምትተረትር! ጨርቁን ሳትነካ እየዘለለች ቆረጥ ቆረጥ ታደርግና በወዲያኛው በኩል ክሩን አንዴ ሳብ ስታደርገው እንዳለ ይወጣል። ክሩን ጠቅልላ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችው፤ ቁራጮቹን በመዳፏ እየተኮሰች ደራረበቻቸው። ያን ቀን ጠዋት ክንዷን አንዴም አልፋቀችውም። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ ልጄ፣ ይህ ሥራ ያንቺ አይደለም፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ ብላ አባረረችኝ።

በማግስቱ እንደገና ሰፋሁ፤ እንደገና መጥታ ተረተረችው። ለእሷ አዲሷ ተለማማጅ ነኝ። አንዳንዴ ታዝንልኛለች፤ ከስተሻል፣ ቁርስ በልተሻል ወይ ትለኛለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ታባርረኛለች። እንደ እኔ የተቀጠረና የተባረረ ሠራተኛ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ ስንት ለፍቼ የገጠምኩትን በአንድ ጠዋት ባዶ ታስቀረዋለች። በኋላ ግን ነቃሁ። ከቀኑ ሁሉ እናታችን ቤት ውስጥ ያለችው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን ጊዜ የማላውቃት አሮጊት ናት መስኮቱ ስር የምትቀመጠው።

አንድ ቀንማ ከማባረር ይልቅ ልታስተምረኝ ፈለገች። ከኋላዬ ቆመችና ሁለቱንም እጆቿን እጆቼ ላይ ጫነች። ጨርቁን አትጎትቺው፣ እሱ ራሱ ይሄዳል፣ አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው አለችኝ። እጇ ይሞቃል። አገጯ ትከሻዬን ይነካ ነበር። በልጅነቴ እንኳ እንደዚያ ቀርባኝ አታውቅም። አብረን አንድ መስመር ሰፋን፣ ቀጥ ያለ። ያቺን መስመር አልተረተረችም፤ ደግሞ ምስጋናም የለም፣ ቀጥይ ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ችግር መጣ። እጄ እየለመደ ሄዶ መስመሬ መቃናት ጀመረ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሆን ብዬ አጣምመው ጀመር። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ድሪቶው አለቀ ወይ ስትለኝ ገና ነው እላታለሁ። እንዲያልቅ የሚፈልግ ማን አለ?

እየተረተረች ታወራኛለች፣ ስለ ልጆቿ። አንተ ቀርቶ ጠላቴም አይስማው። ሁለት ልጆች አሉኝ ትላለች። ወንዱ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት መጥቶ ያየኛል፣ ዛሬም ግንባሬን ስሞኝ ሄደ ትላለች። አንተ ነህ እንግዲህ፤ እሰይ፣ ቢያንስ በእሷ ዓለም ትመጣለህ። ሴቷስ ብዬ ጠየቅኳት፤ ምን አቅለበለበኝ? ሴቷ ጨካኝ ናት፣ ዓይኗን ካየሁት ዓመት አለፈኝ፣ እናቴ ሞታ ይሆን ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም አለችኝ። ይህን ስትለኝ ገላዋን አጥቤያት፣ ጥፍሯን ቆርጬላት፣ ፀጉሯን ጎንጉኜላት መቀመጤ ነው። እርር ድብን አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ቁራጮቹን ደረደርኩ፤ ተለማማጅ አይደለሁ?

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንደዘበዘብኩህ ልንገርህ። ና። ሰው ቅጠሪ ማለቱን ተወውና አንተ ራስህ ና። መኪናው ፊት ተቀመጥ፣ አንድ መስመር አጣመህ ስፋ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አውጣው። ተነስታ ትመጣለች። ትቆጣሃለች። ልጄ አትልህ ይሆናል፤ ግን የምትቆጣህ እናታችን ናት፣ ሌላ ሰው አይደለም። ከእሷ የቀረችን ይህችው ናት። ግን ፍጠን፣ ያቺ ሰዓትም እያጠረች ነው። በፊት መስመሩን ሙሉ ትጨርሰው ነበር። አሁን ግማሽ ላይ ስትደርስ መቀሷ ይቆማል፤ ጨርቁን ትኩር ብላ ታየውና ምን ላደርገው ነበር ትለኛለች። ልትተረትሪው ነበር እላታለሁ፣ አዎ ልክ ነሽ ትልና ትቀጥላለች። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ቦርሳህን አንሳ። ከአለቃህ ጋር ተጣላ፣ ከፈለግክ ታመምኩ በል፣ ብቻ ድረስላት። ሥራ ሥራ ነው፣ ሌላ ይገኛል።

ይህን እስከዚህ ጽፌ ሳልልከው ከረመ። ጎረቤታችን ዘመድ ታሞባት ሄዳ ስለነበር ፖስታ ቤት ደርሼ እስክመለስ እማዬን የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁ። አሁን ተመልሳለች። ከላይ ያለውን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ከዚያ ተውኩት፣ እንዳለ አንብበው።

በመሃሉ አንድ ቀን ጠዋት እንደ ወትሮዬ መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። አንገቷን አላቀናችም። አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩት። ምንም። የሰፋሁትን ወስጄ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ጠርዙ ወደ ውጭ የተገተረ፣ መስመሩ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ ክሩ እዚህም እዚያም የተቋጠረ፤ እትዬ ቀጥታ ብታገኘው በመስኮት የምትወረውረው ሥራ ነው። ዳሰሰችው። ጣቷን ጠርዙ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። እንዴት ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ አለችኝ።

ትንሿን መቀስ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። በስለቱ በኩል ጨበጠቻት። እንዳትቆርጣት ብዬ ቀስ አድርጌ ወሰድኩባት። እማዬ፣ ጠማማ ነው እኮ፣ እስቲ እይው፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ነው አልኳት። ጥሩ ነው አለችኝ። ወንድሜ፣ ጮህኩባት። ተቆጪኝ እንጂ፣ አባርሪኝ እንጂ ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አቅፌ ይቅርታ ስጠይቃት ለምን እንደሆነ ወዲያው ረስታው ፀጉሬን ትዳብሰኝ ጀመር።

እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ያቺን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አንዴ ብቻ፣ በጥርሷም ቢሆን፣ እጅሽ ይባረክ እንድትለኝ። ወይ ነዶ! ይኸው መጣችልኝ። ማን እንዳለችኝ ግን አላውቅም። እማዬ አይደለችም። እማዬ ብትሆን ተርትራ ታሳየኝ ነበር።

ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር ለጥቂት ቀን። ነጩን ጨርቅ በጥቁር ክር ሰፋሁት። አንዱን ቁራጭ ከነኪሱ ገጠምኩት። አንዱን ገልብጬ፣ አንዱን አጣምሜ፣ አንዱን ጭራሽ ግማሹን ሳልሰፋ ሰጠኋት። ሁሉንም ወደደችልኝ። ሁሉንም እጅሽ ይባረክ አለችኝ።

የሚተረትረው ሰው ሲጠፋ ሥራው ምን ይይዘዋል? ያ ስንት ጊዜ ከሁለት ክንድ አላልፍ ያለው ድሪቶ ወዲያው አልጋ የሚያለብስ ሆነ። ጠርዙን ቆራረጥኩት፤ አሁን ስፌቱን አልነካሁም። አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁት። እንደተባለው ተንጨባረረ። ጎረቤታችን መጥታ ለጀማሪ ይህ ተአምር ነው ብላ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ነርሷም መጣች። እማዬ ጣቶቿን ጠርዙ ውስጥ ከትታ ዝም ብላ ተቀምጣ፣ የክንዷም ቁስል ደርቆ ስታይ ደስ አላት። እንዴት ተረጋግታለች፣ ጎበዝ ነሽ አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት፣ ምን ልበላት? ሁሉም ሰው ያመሰግነኛል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እኔም መኪናውን ክዳኑን ከድኜ ላዩ ላይ የመድኃኒቶቿን ብልቃጥ ደረደርኩበት።

እንግዲህ ከላይ ፍጠን ብዬሃለሁ። አሁን አትፍጠን። ከአለቃህም አትጣላ፤ ፈቃድህን በወጉ ጠይቀህ፣ ሲመችህ ና። አታውቀኝም ብለህም እንዳትፈራ። በሩ ድረስ መጥታ እንኳን ደህና መጣህ ትልሃለች፣ እጅህን በሁለት እጇ ትይዝልሃለች፣ እንዴት ያምራል ልጁ ትላለች። ባለፈው የመጣውንም የመብራት ቆጣሪ አንባቢ እንዲሁ ነው ያለችው።

ፈጣሪ አንተንም ቤትህንም በጤና ያቆይልኝ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ሲያጠፉ ግን ዝም አትበላቸው፣ ተቆጣቸው።

የእናትህ ልጅ